አክሱምን ለማጥናት የትኛውን ትምህርት ክፍል ልምረጥ?

ጀማሪው

ሰላም ለመድረኩ አባላት በሙሉ። የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ የትምህርት ክፍል ምርጫ የምንሞላበት ጊዜ እየደረሰ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ልቤን የያዘው አክሱም ነው። ሐውልቱን የትኛው ንጉሥ አቆመው ከሚለው ይልቅ ድንጋዩን የጎተቱት ሰዎች ማታ ቤታቸው ገብተው ምን ይበሉ ነበር፣ በምን ቋንቋ ያወሩ ነበር፣ ከማን ጋር ይነግዱ ነበር የሚለው ነው የሚያሳስበኝ። ችግሩ ይህን ሁሉ የሚያስተምር አንድ ትምህርት ክፍል አለማግኘቴ ነው። ታሪክ ብገባ አፈሩና ድንጋዩ ይቀርብኛል። አርኪዮሎጂ ብገባ ግዕዙ ይቀርብኛል። ቋንቋ ብገባ ደግሞ ሁለቱም ይቀሩብኛል። አንድ ጓደኛዬ በውጭ ኮሌጆች ሁሉንም አዋህደው «የጥንት ዓለም ጥናት» በሚል አንድ ዲግሪ ያስተምራሉ ብሎኛል። እውነት ነው? ከሆነስ ይጠቅማል ወይስ ከሁሉም ቀምሶ አንዱንም ሳይጠግቡ መውጣት ነው? በሙያው ያላችሁ ታላላቆቼ ምክራችሁን አትንፈጉኝ።

የመስክ ሰው

ወንድሜ ጀማሪው፣ «ምን ይበሉ ነበር» ያልከው ጥያቄ በጣም ደስ አሰኝቶኛል። ብዙ ዘመኔን ያሳለፍኩት በቁፋሮ ስለሆነ ከዚያው ልጀምርልህ።

የአክሱም ሰው የበላው በሐውልት ላይ አልተጻፈም። ያለው አመድ ውስጥ ነው። ቁፋሮው የድሮ ምድጃ ላይ ሲደርስ አመድ የተቀላቀለበትን አፈር በከረጢት እየሞላን ውሃ ባለበት በርሜል ውስጥ ቀስ እያደረግን እናፈስሰዋለን። አፈሩ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ የከሰለው እህል ይንሳፈፋል። የተንሳፈፈውን በወንፊት አጥልለን፣ በጥላ አድርቀን፣ በማይክሮስኮፕ ሥር ፍሬ በፍሬ እንለያለን። እዚህ ላይ ልብ በል። የጤፍ ፍሬ ርዝመቷ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ስፋቷማ ከዚያም ያንሳል። ለስንዴና ለገብስ የሚሆን ዓይኑ ሰፊ ወንፊት ይዞ የመጣ ቡድን ጤፉን ከውሃው ጋር ደፍቶ «በዚህ ስፍራ ጤፍ አልነበረም» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ጤፉ ቢገኝ እንኳ ከዱር ዘመዶቹ መለየት የዕፅዋት ተመራማሪ ዓይን ይጠይቃል። ስለ አንድ ሕዝብ ምግብ የምንናገረው ነገር በወንፊት ዓይን ስፋት ሊወሰን ይችላል ማለት ነው። ይህን ታሪክ መጽሐፍ ውስጥ አታገኘውም።

በእንስሳውም እንዲሁ ነው። በምሥራቅ ትግራይ መዝበር በሚባል ከአክሱም መንግሥት በፊት በነበረ መንደር የተገኙ የዶሮ አጥንቶች በአፍሪካ እስካሁን ከታወቁት እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት መካከል ናቸው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 8ኛው መቶ ዓመት ሊደርሱ ይችላሉ። ጥናቱን ካሳተሙት አንዷ ኢትዮጵያዊቷ የእንስሳት ቅሪት አጥኚ ሕሊና ወልደኪሮስ ናት። የዶሮን አጥንት ከቆቅና ከጅግራ አጥንት መለየት ቀላል እንዳይመስልህ፤ አጥንት በአጥንት ማመሳከር ይጠይቃል። ዶሮ ደግሞ የእስያ ወፍ ነው። ስለዚህ ያች ትንሽ አጥንት በዚያ ዘመን የትግራይ ደጋ ከሩቅ ዓለም ጋር እንደተገናኘ የምትመሰክር ሰነድ ሆነች።

ምክሬ አጭር ነው፤ አርኪዮሎጂ ግባ። መስኩ ራሱ ከሌሎች ሙያዎች ጋር እንድትሠራ ያስገድድሃል። ይህ አዲስ ፋሽን አይደለም። በ1906 እ.ኤ.አ. ወደ አክሱም የመጣው የጀርመን የጥናት ቡድን አራት ሰዎች ነበሩት፤ መሪው ኤኖ ሊትማን የሴም ቋንቋዎች ሊቅ ነበር፣ ሁለቱ የሕንፃ ባለሙያዎች፣ አንዱ ሐኪም። በ1913 ያሳተሙትን ሥራ ዛሬም እያገላበጥን እንሠራበታለን።

ወለተ ብራና

የመስክ ሰው ያሉትን በአክብሮት አነበብኩ፤ ስለ ወንፊቱ ያሉት እኔንም አስተምሮኛል። ነገር ግን ጀማሪው ሆይ፣ ሊትማንን ሲጠቅሱ መጀመሪያ የቋንቋ ሰው እንደነበር አብረው ነግረውሃል። እኔ የምለው ቋንቋው ይቅደም ነው።

ምክንያቴን በምሳሌ ላሳይህ። ንጉሥ ዔዛና በ4ኛው መቶ ዓመት ብዙ ጽሑፎችን በድንጋይ አስቀርጿል። ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት ባስቀረጻቸው ራሱን የማሕረም፣ የጥንቱ የጦርነት አምላክ፣ ልጅ ይላል። በኋላ በግዕዝ ባስቀረጸው ጽሑፍ ማሕረም ይጠፋና ድሉን ያገኘሁት «በኃይለ እግዚአ ሰማይ» ነው ይላል። ስለ ክርስቶስም ስለ ሥላሴም በዚያ ጽሑፍ አንድም ቃል የለም። እንግዲህ ግዕዝ ብቻ የምታነብ ብትሆን «ዔዛና በአንድ አምላክ አመነ እንጂ ክርስቲያን መሆኑ አጠራጣሪ ነው» ብለህ ልትጽፍ ትችላለህ፤ እንዲያ ብለው የጻፉ ሊቃውንትም ነበሩ። በ1969 እ.ኤ.አ. ግን አክሱም ውስጥ በግሪክኛ የተጻፈ የዔዛና ድንጋይ ተገኘ። እዚያ ላይ አብ፣ ወልድና መንፈስ ቅዱስ በግልጽ ተጠርተዋል። አንድ ንጉሥ፣ አንድ ዘመቻ፣ ሁለት ቋንቋ፣ ሁለት ዓይነት አነጋገር። ግሪክኛው የሚያናግረው ከባሕር ማዶ ያለውን የክርስቲያን ዓለም ነው። ግዕዙ የሚያናግረው ገና በአሮጌው እምነት ያለውን የአገሩን ሰው ነው። ንጉሡ አዲሱን እምነት ለሕዝቡ እንዴት አድርጎ በእርጋታ እንዳቀረበ የምታየው ሁለቱንም ጎን ለጎን ስታነብ ብቻ ነው።

ግዕዝና ግሪክኛን በአንድ ክረምት አትማራቸውም። ዓመታት ይወስዳሉ፤ ዕድሜህ ገና ለጋ ሳለ ካልጀመርክ በኋላ ጊዜ አታገኝም። አመድ ማጣራቱን ግን በመስክ ላይ ከባለሙያ ጎን ቆመህ ልትማረው ትችላለህ።

የመስክ ሰው

እኅቴ ወለተ ብራና፣ የዔዛናውን ነገር በጣም ጥሩ አድርገው አስቀመጡት። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ድንጋይ ላይ የጻፈው ንጉሡ ነው። አራሹ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ድንጋይ ፈላጩ አልጻፉም። ትልቁን ሐውልት ተመልከቱት፤ 33 ሜትር ርዝመት፣ ክብደቱ ወደ 520 ቶን የሚገመት አንድ ወጥ ድንጋይ ነው፤ ዛሬ ተሰባብሮ ወድቋል። የተፈለጠው ከከተማዋ በስተ ምዕራብ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ካለው ከጎበድራ አካባቢ ነው። እዚያ ብትሄዱ ሽብልቅ የገባባቸው ጉድጓዶች በረድፍ ተሰልፈው፣ ሳይፈለጥ የቀረው ድንጋይ ላይ ዛሬም ይታያሉ። ያን የቀደደ ሰው ስሙ የትም አልተጻፈም። ጀማሪው የጠየቀው ደግሞ ስለዚያ ሰው ነው።

አባት ነኝ

ይቅርታ፣ እኔ የሙያው ሰው አይደለሁም፤ ልጅ የማስተምር ወላጅ ነኝ። የምትሉት ሁሉ ደስ ይላል፤ ግን ይህ ልጅ ተመርቆ የት ይቀጠራል? ዶሮ አጥንት እየለየ ቤት ኪራይ ይከፍላል ወይ? ይህን የሚመልስልኝ ሰው እፈልጋለሁ። የእኔም ልጅ ይህንኑ እያለች አስጨንቃኛለች።

የመስክ ሰው

አባታችን፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ሳልሸፋፍን እመልሳለሁ። የመንግሥት የቅርስ መሥሪያ ቤቶች፣ ሙዚየሞች፣ የክልል ባህልና ቱሪዝም ቢሮዎች፣ ዩኒቨርሲቲዎች ይቀጥራሉ። ደመወዙ ከፍተኛ አይደለም፤ ቦታውም ብዙ አይደለም። መንገድ፣ ግድብ ወይም የኢንዱስትሪ ፓርክ ከመሠራቱ በፊት መሬቱ ላይ ቅርስ መኖር አለመኖሩን መፈተሽ ያስፈልጋል፤ ለዚህ የሚሆን ሰው ይፈለጋል። ግን የማየው ነገር አለ። ሥራ የሚያገኙት ከዲግሪው ጋር በእጃቸው የሚሠሩት አንድ ሙያ ያላቸው ናቸው። የኮምፒውተር ካርታ መሥራት የሚችል፣ ብራና የሚጠግን፣ አጥንት የሚለይ፣ የሳንቲም ዝገት በጥንቃቄ የሚያጸዳ። «ስለ ጥንት ሥልጣኔ አውቃለሁ» ብቻ ይዞ የሚመጣ ልጅ ይቸገራል። ልጅዎ ሙያውን ከወደደችው አይከልክሏት፤ ግን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ «በእጅሽ የምትሠሪው ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቋት።

የቶሮንቶዋ

ጓደኛህ የነገረህ እውነት ነው፣ ወንድሜ። እኔ ያደግኩት ካናዳ ነው፤ የተማርኩትም እንዲህ ያለውን የተዋሐደ ትምህርት ነው። በሰሜን አሜሪካ ብዙ ኮሌጆች አንድ ተማሪ ከታሪክ፣ ከአርኪዮሎጂ፣ ከሥነ ጥበብ ታሪክ፣ ከሃይማኖት ጥናትና ከጥንታዊ ቋንቋዎች ኮርስ እየወሰደ አንድ ዲግሪ እንዲሠራ ይፈቅዳሉ።

ጥሩ ጎኑን ልንገርህ። አንድ የሴሚናር ክፍል ውስጥ አንድ ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ሁላችንም ከየመጣንበት ትምህርት እንጠይቀዋለን። አንድ ጊዜ ርዕሱ የአክሱም ሳንቲም ነበር። የሥነ ጥበብ ታሪክ ተማሪዋ የንጉሡን ዘውድና ግራና ቀኝ የከበቡትን ሁለት የእህል ዛላዎች አየች። የዕፅዋት ተማሪው «ይህ ስንዴ ነው ወይስ ገብስ?» ብሎ ተከራከረ። የቋንቋው ልጅ በዙሪያው ያለውን የግሪክ ፊደል አነበበ። ኬሚስትሪ የሚማረው ደግሞ በኋለኞቹ ነገሥታት ዘመን የወርቁ ንጽሕና እየቀነሰ መሄዱን አነሣና ለምን ይሆን ብሎ ጠየቀ። እኔ በበኩሌ ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ በሳንቲሙ አናት ላይ የነበረው ጨረቃና ክብ በዔዛና ዘመን በመስቀል መተካቱን ስናገር ክፍሉ ጸጥ አለ። በዓለም ላይ መስቀልን በገንዘባቸው ላይ አስቀድመው ካተሙት መካከል አክሱማውያን እንዳሉበት ከዚያ ቀን በፊት የሰማ ሰው በክፍሉ ውስጥ አልነበረም።

መጥፎ ጎኑም እዚያው ላይ ነው። «የጥንት ዓለም» ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ ግሪክ፣ ሮም፣ ግብፅና ሜሶጶጣሚያ ማለታቸው ነው። አክሱም በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ ከአንድ ገጽ አይበልጥም ነበር። በቀይ ባሕር ላይ ከሮምና ከፋርስ ጋር ተሰልፎ የሚቆጠር መንግሥት እንዴት በአንድ ገጽ ይታለፋል? አስተማሪያችንን ስጠይቅ «ግዕዝ የሚያነብ መምህር የለንም» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ለዚህ ነው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የግዕዝ ትምህርት ሲጀምር የአገራችን ሰው እዚህ ያን ያህል የተደሰተው። በ2016 እ.ኤ.አ. ዘፋኙ አቤል ተስፋዬ 50,000 የካናዳ ዶላር ሰጠ፤ ማኅበረሰቡም ከኪሱ አዋጣ፤ በ2017 መጀመሪያ ላይ ትምህርቱ ተከፈተ። እኔም ከሌላ ኮሌጅ መጥቼ እዚያ ተመዝግቤ ግዕዝ ተማርኩ። ዲግሪዬን ዋጋ ያለው ያደረገልኝ እርሱ ነው።

ጀማሪው

የቶሮንቶዋ እኅቴ፣ በጣም አመሰግናለሁ። እንዲህ ከሆነ ግዕዙ እዚሁ አገሬ ውስጥ በደጄ እያለ ለምን ውጭ እመኛለሁ አልኩ። አንድ ነገር ግን ግራ ገባኝ። ዛሬ ካርቦን መለካት አለ፣ ዲኤንኤ አለ። ሳይንሱ ዕድሜውን ከነገረን ጽሑፍ አንባቢዎችና የሥዕል አዋቂዎች ለምን ይከራከራሉ? ማሽኑ አይፈርድም ወይ?

ወለተ ብራና

ይህን በመጠየቅህ ተደስቻለሁ፤ ምክንያቱም ያለሁበት ሥራ ይኸው ነው። ከአድዋ ብዙም የማይርቀውን የአባ ገሪማ ገዳም ወንጌሎች ታሪክ ስማ።

በገዳሙ የሚነገረው ትውፊት ወንጌሉን የጻፉት ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ አባ ገሪማ ራሳቸው ናቸው፤ ጽፈው እስኪጨርሱም ፀሐይ ቆማላቸዋለች ይላል። የሥዕልና የብራና አጥኚዎች ደግሞ የሌሎች የኢትዮጵያ መጻሕፍትን ዕድሜ እያነጻጸሩ ወደ 11ኛው መቶ ዓመት ወይም ከዚያ ወዲህ ያወርዱት ነበር። ትውፊቱን የሚሰማ አልነበረም። ከዚያ ከብራናው ተቆርጠው የወደቁ ጥቃቅን ቁራጮች ኦክስፎርድ ተልከው በካርቦን ሲለኩ አንደኛው ወንጌል ከ390 እስከ 570፣ ሌላው ከ530 እስከ 660 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ባለው ዘመን ውስጥ ወደቁ። ሥዕል ካላቸው የወንጌል መጻሕፍት ሁሉ በዓለም ላይ እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት መካከል ናቸው ማለት ነው። የገዳሙ አባቶች ሲናገሩት የኖሩት ዘመን ከተመራማሪዎቹ ግምት ይልቅ ወደ እውነቱ ቀርቦ ተገኘ።

እስከዚህ ድረስ ማሽኑ የፈረደ ይመስልሃል። ነገር ግን ካርቦን የሚለካው ምንን ነው? ቆዳውን ነው። እንስሳው የታረደበትን ጊዜ እንጂ ብዕሩ ቀለም የነካበትን ጊዜ አይነግርህም። ብራናው ተዘጋጅቶ ዘመን ቆይቶ ቢጻፍበትስ? ቀድሞ የነበረ ጽሑፍ ተፍቆ ቢሆንስ? ይህን የሚመልሰው የፊደሉን አጣጣል የሚያውቅ፣ የግዕዙን ወንጌል ከግሪክኛው ጋር የሚያስተያይ፣ በወንጌሉ መግቢያ የተሣሉትን ዓምዶችና ቅስቶች በሶርያና በሮም ምሥራቃዊ ግዛት ካሉት ጋር የሚያነጻጽር ሰው ነው። እነዚህ ሁሉ ተሰብስበው፣ ካርቦኑም ምስክር ሆኖ ነው ነገሩ የጸናው። ምስክር ሲበዛ ፍርድ ይጸናል።

ዘር ቆጣሪ

በዲኤንኤ ላይ ስለምሠራ የወለተ ብራናን ሐሳብ ከኔም ሙያ ላጠናክረው። ከጋሞ ደጋ፣ ሞታ ከሚባል ዋሻ የተገኘ የ4,500 ዓመት ሰው አለ። የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ከጋሞ ሽማግሌዎች ጋር ሲሠሩ ቆይተው ነው ዋሻው ውስጥ የተቀበረውን ሰው ያገኙት። በ2015 እ.ኤ.አ. ሙሉ የዘር ካርታው ታተመ፤ ከአፍሪካ እንዲህ ተነብቦ የታተመ የመጀመሪያው የጥንት ሰው ነው። ያኔ በጽሑፉ ውስጥ ከመካከለኛው ምሥራቅ ወደ አፍሪካ የተመለሰው የሰው ዘር እስከ ማዕከላዊና ምዕራብ አፍሪካ ድረስ ደርሷል ተብሎ ነበር። ዜናው ዓለምን ሞላ። ጥቂት ወራት ሳይቆዩ አጥኚዎቹ ራሳቸው ስሌቱ ውስጥ ስሕተት እንዳለ አሳወቁ፤ ሁለት ሶፍትዌሮችን የሚያስማማው እርምጃ ሳይሠራ ቀርቶ ከዘር መረጃው የተወሰነው ተጥሏል። የምሥራቅ አፍሪካው መደምደሚያ ጸና፤ ስለ መላው አፍሪካ የተባለው ግን ተሻረ።

ይህን የምነግርህ ሳይንሱን እንድትጠላ አይደለም። ስሕተታቸውን በአደባባይ ማረማቸው ክብር ይገባዋል። ነገር ግን ዜናውን አምኖ መጽሐፉን አርሞ የጨረሰ የታሪክ ሰው ቢኖር ምን ይሆን ነበር? ስለዚህ የትኛውም ትምህርት ክፍል ብትገባ ስታቲስቲክስ ተማር። ማሽኑን መሥራት ባትችል እንኳ ሠሪውን የምትጠይቀው ጥያቄ ይኑርህ።

አፈር መርማሪ

ጀማሪው፣ የአክሱም ውድቀትን ነገር ሳታነሣው ተከታተልኩ፤ መቼም አይቀርልህም። በ1981 እ.ኤ.አ. ካርል ቡትዘር የሚባል የመሬት ገጽታ ተመራማሪ የአክሱምን አፈርና ደለል አይቶ አንድ ሐሳብ አቀረበ። ዝናቡ በበዛበት ዘመን ከተማዋ አደገች፤ ሕዝቡ ሲበዛ መሬቱ ተራቆተ፤ አፈሩ ታጠበ፤ ዝናቡም ቀነሰ፤ መንግሥቱም ከዚያ ተዳከመ። ይህ ሐሳብ ለብዙ ዘመን በየመማሪያው ተደጋገመ። በኋላ የአካባቢውን አፈርና የውኃ አያያዝ የመረመሩ ሌሎች ተመራማሪዎች ነገሩ ያን ያህል ቀጥ ያለ አይደለም ብለው ተከራከሩ።

የታሪክ ሰዎች በበኩላቸው ባሕሩን ያሳዩሃል። ንጉሥ ካሌብ በ525 እ.ኤ.አ. አካባቢ በየመን የነበረውን የሒምያር መንግሥት አሸነፈ፤ ሃምሳ ዓመት ገደማ ሳይሞላ ፋርሶች የመንን ያዙ፤ ቀጥሎ እስልምና ተነሣ፤ የቀይ ባሕር ንግድ መንገዱን ለወጠ። የአዱሊስ ወደብ ሲዳከም ደጋው ላይ ያለው ከተማ ምን ሊሆን ይችላል?

እኔ የአፈር ሰው ነኝ፤ ግን አፈር ብቻውን መንግሥት ጣለ የሚለኝን አላምንም። ባሕር ብቻውንም እንዲሁ። የሚያሳዝነኝ ሁለቱ ወገኖች አንዱ የሌላውን ጽሑፍ ሳያነብ ለየብቻ መጻፉ ነው። አንተ ሁለቱንም የምታነብ ሁን።

የቅኔ ቤት ልጅ

ልጄ ጀማሪው፣ እኔ ዲግሪ የለኝም። ያደግኩት በአብነት ትምህርት ቤት ነው፤ ንባብ፣ ዜማ፣ ከዚያ ቅኔ። ወለተ ብራና ግዕዝ ዓመታት ይወስዳል ያለችው ልክ ናት። አንድ ነገር ግን ጨምር። ግዕዝን ከሰዋስው መጽሐፍ ብቻ የተማረ ሰው ቃሉን ይፈታዋል፤ ቅኔ ቤት ተቀምጦ ግስ ያወረደ ሰው ግን የአገባቡን መዞሪያ ሁሉ በአፉ ያውቀዋል። ከውጭ የመጡ ሊቃውንት ብዙዎቹ ከእኛ መምህራን እግር ሥር ተቀምጠው ነው የተማሩት።

ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌን አስብ፤ ነፍሳቸውን ይማርና በ2021 እ.ኤ.አ. አርፈዋል። አሜሪካ በሚኒሶታ ተቀምጠው በሺህ የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍትን ማይክሮፊልም አንብበው፣ ዝርዝራቸውን አዘጋጅተው ለዓለም አስረክበዋል። እንዲያ ያለ ሥራ የሚሠራው የቤተ ክርስቲያኑን ትምህርትና የዩኒቨርሲቲውን ዘዴ ሁለቱንም የያዘ ሰው ነው። በሰፈርህ አጥቢያ መምህር ካሉ ሄደህ እጅ ንሣ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ሰዓት እንኳ ቢሰጡህ ብዙ ነው።

ጀማሪው

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁሉንም ደጋግሜ አነበብኩት፤ ለእናቴም አነበብኩላት። እንደገባኝ የምትለያዩበት ማን ይቅደም የሚለው ላይ ነው። እኔ አርኪዮሎጂን ለመሙላት ወስኛለሁ። ግዕዙን በሰፈራችን ካሉት መሪጌታ ጋር እጀምራለሁ፤ ዛሬ ሄጄ አነጋግሬያቸው ፈቅደውልኛል። ስታቲስቲክስ ደግሞ እንደ ተጨማሪ ኮርስ እወስዳለሁ።

ሁለት ጥያቄ ብቻ ቀርቶኛል። የመስክ ሰው፣ የትግራይ ጦርነት የመስክ ሥራውን ካቋረጠ በኋላ ተማሪ ምን እየሠራ ይማራል? ወለተ ብራና፣ ግሪክኛውን በምን ልጀምር?

የመስክ ሰው

ጥሩ ወስነሃል። ጥያቄህ ከባድ ነው፤ በ2020 እ.ኤ.አ. የተነሣው ጦርነት የሰው ሕይወት ቀጥፏል፤ ከሰው ሕይወት ቀጥሎ ቅርሱም ተጎድቷል፤ ሥራችንም ተቋርጧል። ነገር ግን ቀድሞም እንዲህ ሆኖ ነበር። ኔቪል ቺቲክ አክሱም ላይ ከ1972 እስከ 1974 ሲቆፍር ቆይቶ አብዮቱ ሲመጣ አቆመ፤ ዴቪድ ፊሊፕሰን ያንኑ ሥራ የቀጠለው በ1993 ነው። በመካከሉ ሥራው አልሞተም። ቺቲክ በ1984 ሲያርፍ ያልታተመውን የቁፋሮ ውጤት አደራጅቶ በ1989 ያሳተመው የሳንቲም አጥኚው ስቱዋርት ሙንሮ-ሄይ ነው።

ስለዚህ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ግባ። ተቆፍረው ወጥተው፣ ታጥበው፣ በከረጢት ተቀምጠው ማንም ያላጠናቸው የሸክላ ስባሪዎች ሞልተዋል። የሸክላ ስባሪ በእጅህ ይዘህ ጠርዙን ስትለካ የማሰሮው አፍ ስፋት ይወጣል፤ የውስጡን አሸዋ በአጉሊ መነጽር ስታይ ጭቃው ከየት እንደመጣ ትጠረጥራለህ፤ ጥቀርሻው ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ስታይ እሳት ላይ እንዴት ይጣድ እንደነበር ታውቃለህ። «ምን ይበሉ ነበር» ላልከው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ የለም። ለትምህርት ክፍልህ ኃላፊ ማመልከቻ ጻፍ፤ ከርዕሱ ይልቅ ጥያቄህን አስቀድመህ ጻፍ።

ሌላም መንገድ አለ። ከላይ የጠቀስኳት ሕሊና ወልደኪሮስ ከአፋር የሚወጣውን ጨው ከሚያጓጉዙ ሲራራዎች ጋር አብራ እየተጓዘች የጥንቱን የንግድ መንገድ አጥንታለች። በ6ኛው መቶ ዓመት አዱሊስን ያየው ነጋዴው ኮስማስ አክሱማውያን ከብት፣ ጨውና ብረት ወስደው በወርቅ እንደሚለውጡ ጽፏል። የእርሱን ጽሑፍ ከግመል ነጂው ቃል ጋር አስተያይተህ ማንበብ ቁፋሮ አይጠይቅም። ሸክላ የምትሠራ፣ ጨው የሚጭን፣ ድንጋይ የሚፈልጥ ሰው ዛሬም አለ። ጠይቃቸው፤ ስማቸውንም ጽፈህ ያዝ፤ ፈቃዳቸውንም ጠይቅ።

ወለተ ብራና

በመሪጌታ መጀመርህ በጣም ደስ ብሎኛል።

ግሪክኛውን በትልልቅ መጻሕፍት አትጀምር፤ ተስፋ ትቆርጣለህ። መጀመሪያ ፊደሉን በእጅህ ጻፍ፤ ሃያ አራት ብቻ ናቸው፤ ሁለት መቶ ያህል ፊደል አውቀህ ላደግከው ልጅ አይከብዱህም። ከዚያ የአክሱምን ሳንቲሞች ፎቶ አውጣ። ወርቁ ላይ ያለው ጽሑፍ አጭር ነው፤ የንጉሡ ስም፣ «ባሲለውስ» ማለትም ንጉሥ፣ «አክሶሚቶን» ማለትም የአክሱማውያን፣ አንዳንድ ጊዜም «ብእሲ» የሚለው የግዕዝ ቃል በግሪክ ፊደል ተጽፎ ታገኘዋለህ። ለባሕር ማዶ ንግድ የሚወጣው ወርቅ ግሪክኛውን ይዞ ሲቀጥል ብሩና ነሐሱ ግን እያደር ወደ ግዕዝ ሲዞሩ ታያለህ። አንዳንዱ ነሐስ ላይ በግሪክኛ «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል ምኞት አለ። ፊደሎቹ የተጨናነቁ ናቸው፤ ቀራጩ ግሪክኛውን በደንብ የማያውቅ ሆኖ የገለበጣቸውም አሉ። እርሱን መለየት ራሱ ትምህርት ነው።

ሳንቲሞቹን ማንበብ ስትለምድ ወደ ዔዛና የግሪክኛ ድንጋይ ተሻገር፤ ግዕዙን ከጎኑ አስቀምጠው። የማይነበብ መስመር ሲያጋጥምህ ፎቶውን እዚሁ ለጥፈው፤ የምንሞክረው አብረን ነው።